ማጠፍና ማጥፋት፦ ስለ ቱቦ ማጠፊያ ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝ። ቤታቸው ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ላላቸው ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። የትኛውን የቱቦ ማጠፊያ ልግዛ፣ ከገዛሁስ እንዴት ልጠቀምበት ለሚል ሰው። ጓደኛዬ ከሥሩ «ልገዛው ነው፣ ምን ትላለህ?» ብሎ ጨምሯል። «መጀመሪያ የምታጥፈው ቱቦ ምንድነው?» ብዬ መለስኩለትና ማንበብ ጀመርኩ። ስጨርስ ሻዬ ቀዝቅዟል።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ባለ 12 ቶኑን የዘይት ማጠፊያ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራውን ማለት ነው፣ ግዙና ተገላገሉ ይላሉ። አብረውት የሚመጡት ዳዮች (ቱቦው የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ብረቶች) ከግማሽ ኢንች እስከ 2 ኢንች ስለሆኑ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ቱቦው ከተጨማደደ አሸዋ ሞልታችሁ በእሳት አጥፉት። የሚቆረጠውን ርዝመት ለማግኘት ጎኖቹን ደምሩ። አራት ማዕዘን ቱቦላሬም በዚያው ማሽን ይታጠፋል። ቤት ውስጥ የተሠራ ማጠፊያ ደግሞ የብረት ብክነት ነው። የማልስማማባቸው ስድስት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ሰው ለመርዳት ብለው እንደጻፉ ያስታውቃል። ግን ከስድስቱ አምስቱ ገንዘብ ያስወጣሉ። አንዱ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። የምውለው ቢሮ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ከሰርቪስ ቤቱ ጎን ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር አልጠፋም። አንድ ሞርሳ፣ አንድ ግራይንደር፣ ትንሽ የብየዳ ማሽንና ሁለት ማጠፊያ አሉኝ። ማጠፊያው ሁለት የሆነው የመጀመሪያው ልክ ጸሐፊው የመከሩት ስለነበረ ነው።

ከሱ ልጀምር። 12 ቶን ያላጠፈውን ማን ያጥፈዋል ነው ነገሩ። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ሻጩም ያለኝ ይህንኑ ነው። ወንበር ልሠራ ብዬ 25 ሚሊ ክብ ቱቦላሬ ገዛሁ፤ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ። ከዳዮቹ መካከል ቀረብ ያለውን መርጬ ቱቦውን አስቀመጥኩ። የፓምፑን እጀታ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ መታሁ። ቱቦው ጎበጥ ማለት ሲጀምር ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ መሐሉ ገባ። ተረግጦ የተጣለ የሃይላንድ ጠርሙስ መሰለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን በዝግታ ሞከርኩት፤ በዝግታ ተጨፈለቀ። በአማርኛ «ያጥፋል» እና «ያጠፋል» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። የኔ ማሽን ሁለተኛውን ነበር የሚሠራው። ሦስቱንም ቱቦ ቆራሌው ወሰዳቸው።

ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም። ያልገባኝ እኔ ነኝ። የዘይት ማጠፊያ ቱቦውን ግራና ቀኝ በሁለት መደገፊያ ይይዝና መሐሉን በክሪክ ይገፋዋል። ግፊቱ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጎንና ጎኑን አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም። ግድግዳው 3 ሚሊ የሚጠጋ የውሃ ቧንቧ ይህን ይችለዋል፤ ማሽኑም የተሠራው ለሱ ነው። ስስ ቱቦ ግን ከመታጠፍ ይልቅ መጨፍለቅ ይቀለዋል። ቶኑ ቢጨምር ቶሎ ይጨፈለቃል እንጂ አምሮ አይታጠፍም።

ሌላ ዓይነት ማጠፊያ አለ። ጽሑፉ ስሙንም አላነሳው። ይህኛው ቱቦውን ከአንድ ክብ ዳይ ጋር ቆንጥጦ ያስረዋል። ዳይ ስል ቱቦው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ መሥመር ያለው ወፍራም መንኮራኩር ማለቴ ነው። እጀታውን ስትስቡ ዳዩ ራሱ ይዞርና ቱቦውን እየጎተተ በዙሪያው ይጠቀልለዋል። ከኋላ ደግሞ እንዲሁ ጎድጓዳ የሆነ ብረት ቱቦውን ዳዩ ላይ ደግፎ ይይዛል። በሚታጠፍበት ቅጽበት ቱቦው በዙሪያው ታቅፏል። ጎኑ ልውጣ ቢል መውጫ የለውም።

ኃይሉስ? እስቲ እናስላው። 25 ሚሊ ዲያሜትር፣ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው ተራ የብረት ቱቦ ለመታጠፍ ከ200 እስከ 300 ኒውተን ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ1 ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ከ20 እስከ 30 ኪሎ መጫን ማለት ነው። ሰበቃው ትንሽ ይጨምርበታል፤ እጀታውን ወደ 1 ሜትር ተኩል ማስረዘም ይፈታዋል። እንግዲህ 12 ቶን ለምን? ቱቦው 50 ሚሊ በ3 ሚሊ ከሆነ አዎ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን ዘይት ይምጣ። ለወንበር፣ ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ ግን የአንድ ሰው ክንድ ይበቃል። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ይህን እንኳ ጸሐፊው ልክ ብለውታል፣ የኤሌክትሪክ ማጠፊያ ለቤት አትግዙ ማለታቸውን እደግፋለሁ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። እጀታውን በምትስቡት ልክ ማጠፊያው የታሰረበት መሠረትም ይሳባል። እኔ መጀመሪያ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አሰርኩትና ጠረጴዛው አብሮኝ ዞረ። አሁን በአራት ቡሎን ከኮንክሪት ወለል ጋር የታሰረ የብረት ቋሚ ላይ ነው ያለው።

ወደ ኢንቹ እንምጣ። ጸሐፊው «ኢንች ያው ኢንች ነው» ዓይነት ነገር ብለው አልፈውታል። አይደለም። የኔ ሦስት ቱቦዎች ካለቁበት ምክንያት ግማሹ ይኸው ነው። የውሃ ቧንቧ ኢንች ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም። ግማሽ ኢንች ቧንቧ በካሊፐር ብትለኩት ውጪው 21.3 ሚሊ ነው። ሦስት አራተኛው 26.9፣ 1 ኢንቹ ደግሞ 33.7 ሚሊ አካባቢ ይወጣል። የቤት ዕቃ ቱቦ ግን የሚጠራው በእውነተኛ የውጭ ልኩ ነው። 25 ሚሊ ከተባለ ውጪው 25 ሚሊ ነው። 1 ኢንች ቱቦ ከተባለ 25.4 ነው።

ስለዚህ 25 ሚሊ ቱቦ ይዛችሁ «1 ኢንች» የተጻፈበት የቧንቧ ዳይ ላይ ብታስቀምጡት ከ8 ሚሊ በላይ ይተርፋል። እንደኔ ብልጥ ሆናችሁ የሦስት አራተኛውን ብትመርጡ እንኳ 2 ሚሊ ይሰፋል። 2 ሚሊ ምንም አይመስልም። ለቱቦው ግን በጎን የሚያብጥበት ሰፊ ሜዳ ነው። ዳይ ለቱቦ እንደ ጫማ ነው፤ ቁጥሩ ካልሆነ ውድ መሆኑ አይጠቅምም።

ምርጫው መጀመር ያለበትም ከዚህ ነው። ከማሽን በፊት ቱቦ ምረጡ። ለመሥራት ያሰባችሁትን ሦስት አራት ዕቃ ጻፉና ሁሉም በአንድ ዲያሜትር ይሠሩ እንደሆነ እዩ። እኔ ሁሉን ነገር 25 ሚሊ በ1.5 አድርጌዋለሁ። አንድ ዳይ ብቻ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ አላማረኝም። ቱቦውንም ስትገዙ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 1.5 ነው ተብሎ የተሰጠኝ ቱቦ አንድ ጊዜ 1.2 ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሻጩ «ያው ነው» አለኝ። ለሱ ያው ሊሆን ይችላል።

ዳዩን ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ጎድጓዳው የቱቦውን ግማሽ ዙሪያ በደንብ ይውጣል ወይስ ጥልቀት የሌለው ነው? የኩርባው ሬዲየስስ ስንት ነው? ሬዲየሱ የሚለካው ከኩርባው ማዕከል እስከ ቱቦው መሐል መሥመር ነው። ቱቦ ሲታጠፍ የውጪው ጀርባ ይለጠጣል፤ የውስጡ ይሰበሰባል። 25 ሚሊ ቱቦ በ75 ሚሊ ሬዲየስ ሲታጠፍ ጀርባው 17 በመቶ ገደማ ይለጠጣል። በ50 ሚሊ ከሆነ 25 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ለ1.5 ሚሊ ውፍረት የዲያሜትሩን ሦስት እጥፍ ያህል ሬዲየስ ይዛችሁ ብትነሱ ሰላም ነው። ቱቦው ከሳሳ አራት እጥፍ አድርጉት። ጠባብ ኩርባ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡን የሚደግፍ ነገር የሌለው የቤት ማጠፊያ ግን ይህን አይችለውም።

አሁን ወደ አሸዋውና ወደ እሳቱ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ማጠፍ የቆየ ጥበብ ነው። ይሠራል። ጸሐፊው ግን የጻፉት አንድ መሥመር ነው፦ አሸዋ ሙሉ፣ ጫፎቹን ድፈኑ፣ አግሉ፣ እጠፉ። የቀረው መሥመር ነው አደገኛው። አሸዋው እርጥበት ካለው ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ያ ቦታ የለም። ስለዚህ ውታፉ እንደ ጥይት ይወጣል፤ ፊት ለፊቱ ማን እንደቆመ አይመርጥም። ከግቢ የታፈሰ አሸዋ ደግሞ ደረቅ ቢመስልም እርጥበት አያጣም፤ በክረምትማ አትጠይቁኝ።

ማድረግ ካለባችሁ አሸዋውን ንፉት። ከዚያ በአሮጌ ምጣድ ወይም በላሜራ ላይ እሳት ላይ አድርጋችሁ፣ እንደ ቡና እያመሳችሁ፣ ጭርሱን እስኪደርቅ አቆዩት። ስትሞሉ ቱቦውን በእንጨት መዶሻ ጎን ጎኑን እየመታችሁ፣ አሸዋው መውረዱን እስኪተው ሙሉ። ላላ ያለ አሸዋ ምንም አይደግፍም። ጫፎቹን በፍጹም በብየዳ አትዝጉ። ውታፉም ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው። ከሁለቱም ጫፍ ፊት ገለል በሉ፤ ልጆቹንም ከግቢ አስወጡ።

ቱቦው ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ እሳቱን ጨርሶ ተዉት። ነጩ ሽፋን ዚንክ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ቀልቶ የሚታጠፍ ብረት እዚያው አካባቢ ነው የሚደርሰው። ጭሱን የተነፈሰ ሰው ወዲያው ምንም አይለውም። ከሰዓታት በኋላ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይላል። ወባ ያመመው የሚመስለው አለ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ግን ማንም ሰው ለአንድ ወንበር ብሎ ሊቀምሰው የሚገባ ነገር አይደለም። «ወተት ጠጣበት» የሚለውንም ተዉት። በያዳዎች ሁሉ የሚሉት ነገር ነው፤ ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው።

ደግሞ የአሸዋው ነገር መነሻው ራሱ ትክክል አይደለም። ቱቦ የሚጨማደደው ዳዩ ስላልገጠመው ወይም ሬዲየሱ ስለጠበበ ነው። ዳዩን አስተካክሎ በቀዝቃዛው ማጠፍ እያለ እሳት ውስጥ መግባት፣ ጫማው ጠበበኝ ብሎ እግርን እንደ መቁረጥ ነው።

የርዝመቱን ነገር በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ለባለቤቴ የረከቦት ጠረጴዛ ሠርቼላታለሁ። እግሩ የተገለበጠ ዩ ቅርጽ ያለው ቱቦ ነው፤ ሁለት ጎን 450 ሚሊ፣ መሐሉ 600 ሚሊ። በጸሐፊው መንገድ ከሄድን 450 እና 600 እና 450፣ በድምሩ 1,500 ሚሊ ይቆረጣል። ግን ቱቦው ጥጉን አይዞረውም፤ ያቋርጠዋል። ሬዲየሱ 75 ሚሊ ከሆነ አንዱ የ90 ዲግሪ ኩርባ የሚበላው ሬዲየስ ጊዜ 3.14 ሲካፈል ለ2 ነው፤ 118 ሚሊ ገደማ። ቀጥ ያለው ክፍል ደግሞ ከእያንዳንዱ ጥግ 75 ሚሊ ይቀነስበታል። ጎኖቹ 375 ሚሊ፣ መሐሉ 450 ሚሊ ይሆናሉ። ሁሉንም ስትደምሩት 1,436 ሚሊ ነው። 64 ሚሊ ልዩነት አለ።

64 ሚሊ ተቆርጦ ይጣል ብትሉ ጉዳቱ ቀላል ነው። የከፋው ምልክቱ ላይ ነው። 450 ላይ ምልክት አድርጋችሁ ከዚያ ማጠፍ ብትጀምሩ እግሩ 525 ሚሊ ይሆናል። ሲኒ የምትቀዳው ሴት ክንዷን ሰቅላ ልትቀዳ ነው። ማጠፍ የሚጀመረው ከጥጉ 75 ሚሊ ቀደም ብሎ ነው። እነዚህ ልኮች ሁሉ እስከ ቱቦው መሐል መሥመር ናቸው። ከውጭ የምትለኩ ከሆነ የቱቦውን ግማሽ ዲያሜትር ማሰብ አትርሱ።

ጽሑፉ ያላነሳው ሌላም አለ። ብረት ከታጠፈ በኋላ ስትለቁት ትንሽ ይመለሳል። 90 ዲግሪ ላይ ብታቆሙት 87 ወይም 88 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ከሁለት እስከ አራት ዲግሪ አሳልፉት። ስቴንለስ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ስንት እንደሚመለስ ቱቦው ራሱ ነው የሚነግራችሁ፤ ከዚያው ቱቦ ቁራጭ ወስዳችሁ ሞክሩና ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ጻፉት። የኔ ግድግዳ በቾክ ተሞልቷል።

ቱቦው ርዝመቱን የተከተለ የብየዳ ስፌት አለው። ጣታችሁን ወደ ውስጥ ብታስገቡ ይሰማችኋል። ያን ስፌት ከኩርባው ውጪም ውስጥም አታድርጉት፤ ጎን ላይ ይሁን። ጎኑ ብዙ አይለጠጥም፤ ብዙም አይሰበሰብም። ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መሥመር በማርከር አስምሩበት። መሥመሩ ከዞረ ቱቦው ዞሯል ማለት ነው። ያለዚያ አንዱ እግር ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ ያያል።

አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በክብ ዳይ ላይ? አይሆንም። የውስጡ ግድግዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጎኖቹ ያብጣሉ። ለሱ የተሠራ አራት ማዕዘን ዳይ ካላገኛችሁ ሰፈራችሁ ያለው በያጅ የሚያደርገውን አድርጉ። ሦስቱን ጎን በሦስት ማዕዘን ቀንሱ፣ ለ90 ዲግሪ በያንዳንዱ በኩል 45፣ አራተኛውን ጎን ሳትነኩ እጠፉና በይዱት። ሹል ጥግ ነው የሚሆነው፤ ግን ንጹሕ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ በእጅ ስለተሠራው ማጠፊያ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ትንሽ ንቀት አሳይተዋል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አንድ ቀን ቢውሉ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ይመስለኛል። እዚያ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከመኪና ሞላ ቢላ ሲወጣ የሚያይ ሰው በእጅ የተሠራ ነገር አይረባም ለማለት ይከብደዋል። የኔ ሁለተኛ ማጠፊያ ራሱ ግማሹ በእጅ የተሠራ ነው። ዳዩን ቶርኒዮ ያለው ሰው በልኬ ቀረጸልኝ፤ የቀረውን ከወፍራም ላሜራና ከቡሎን እኔ ሠራሁት። ገንዘቤን ያፈሰስኩት ዳዩ ላይ ነው፤ እጀታው ያረጀ የውሃ ቧንቧ ነው። ለአሉሚኒየምና ለስስ ቱቦ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ ለሚያጥፍ ሰው፣ ከወይራ የተቀረጸ ዳይም ሲሠራ አይቻለሁ።

ሰፊ ኩርባ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ባለ ሦስት መንኮራኩሩ። ቱቦው በሦስቱ መሐል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ መሐለኛው በየዙሩ ትንሽ ይጠብቃል። የግቢ በር ቅስት በዚህ ነው የሚሠራው። በሩ 3 ሜትር ሰፍቶ መሐሉ 50 ሳንቲም ከፍ እንዲል ከፈለጋችሁ ሬዲየሱ 2 ሜትር ተኩል ነው። ወለል ላይ በገመድና በቾክ ሥሉትና ቱቦውን እዚያ ላይ እያስተኛችሁ አመሳክሩ። ሁለቱ ጫፎች ቀጥ ብለው ስለሚቀሩ ቱቦውን አስረዝማችሁ ጀምሩ፤ በኋላ ይቆረጣል። መሣሪያውን ለአንድ በር ብላችሁ ግን አትግዙ። ያለው ሰው ጋ ወስዳችሁ አሳጥፉ።

የዘይት ማጠፊያዬን አልሸጥኩትም። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን እማማ ደረጃው ላይ መያዣ ይሠራልኝ አሉኝ። የ1 ኢንች የውሃ ቧንቧ ይዘው መጡ። አቧራውን ጠርጌ 1 ኢንች የተጻፈበትን ዳይ አስገባሁ። ልክክ አለ። ፓምፑን መታሁት፤ አንዲት መጨማደድ ሳይኖር ታጠፈ። ቧንቧው ዳዩ ውስጥ ተነክሶ ስለቀረ በመዶሻ ማውጣት ነበረብኝ፤ እሱ የማሽኑ አመል ነው።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ልኬለት አድምጧል፤ መልእክቱ መከፈቱን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ይታያሉ። የሚያጥፈው ቱቦ ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገረኝም።